የቅጠል ምሳ ዕቃ

«እማ፣ ደሜ ሞልቷል!» ብላ ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ ከኋላዋ ስትጠመጠምባት፣ እናት ዞር ብላ አገላብጣ መሳም ሲገባት የያዘችውን ብርጭቆ ማጠቢያው ውስጥ ለቀቀችው። ደግነቱ ብርጭቆው ወፍራም ነበርና አልተሰበረም። ልጅቷም የደስታ ነገር ሆኖባት የእናቷን ፊት ልብ አላለችውም፤ ከክሊኒኩ የደወለችላት ነርስ ያለቻትን አንድ በአንድ ታወራላታለች። የደሟ መጠን ጥሩ ነው፣ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ያገኛት ሰው ሁሉ ሲያስፈራራት የኖረው ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለትም ምንም አልጎደለ። ለአዲሱ ሥራ ጤነኛ ናት ተብላለች። ነገ በጠዋት ሻንጣዋን ይዛ፣ ሩቅ ከተማ በሚሠራው መንገድ ላይ ቀያሽ ሆና ትሄዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ትሞቻለሽ፣ ትሞቻለሽ ሲሏት ለኖሩት ሁሉ መልሱ ይኸው መጣ። እናት «እሰይ የኔ ልጅ» አለች። ብርጭቆውንም አንስታ እንደገና ታጥበው ጀመር።

ቅጠል ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የአባቷ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ የሥጋ ሻጭ ልጅ ተነስታ ሥጋ ቀርቶ ወተትና እንቁላል፣ ማር እንኳ ሳይቀር በአፌ አይዞርም ስትል ምን ይበሏት? እሷ ደግሞ አልከፋትም፤ ሲጠሯት «አቤት» አለች፣ ቤቱም ለመደው። «አባቴን አልወቅስም፣ ያሳደገኝ ቢላው ነው» ትላለች። «እኔ ግን ምስርና ባቄላ በልቼ መኖር እየቻልኩ ሌላው ለምን ይሞትልኛል?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው ቤት ውስጥ አልተገኘም። አባትዬው ጡረታ ወጥቶ ሱቁን ለሸሪኩ ካስረከበ ወዲህ ወሬ የሚያበዛ ሰው አይደለም፤ ስትናገር ጢሙን እያሻሸ ይሰማታል። እናትዬዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መልስ ባይኖራትም ፍርሃት ነበራት። ቀያሽ ማለት እኮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ መሣሪያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ነው፤ በቅጠልና በጥራጥሬ እንዴት ይቻላል? ሌላው ሁሉ ቢረሳት፣ አንድ ማታ ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «ደክሞኝ ነው እማ፣ ትንሽ ልረፍ» ያለቻት አይረሳትም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ሰፊዋ ለልጇ ምሳ በምትሠራው ምስር ውስጥ የቅልጥም መረቅ ትጨምር ጀመር። እናት ናት፣ ምን ታድርግ! ከባሏ ሸሪክ ቅልጥሙን ታስቆርጣለች፣ በቦርሳዋ ሸሽጋ ታመጣለች፣ ማለዳ ተነስታ መስኮቱን ከፍታ ትቀቅለዋለች፣ ቅባቱ እንዳይታወቅ በገበር ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልላ ምስሩ ላይ ትገለብጠዋለች። ስፌት እንዳይታይ አድርጎ ማጋጠም የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነውና ይህንንም አሳመረችው። በወዲያኛው ምድጃ የባሏ ምስር ይንተከተካል፤ እሱን ደግሞ ሐኪም ስለ ልቡ ብሎ ሥጋም ቅባትም ጨውም ከልክሎታልና ድስቱ ለብቻው ነው። ልጅቷ ወደ መሥሪያ ቤት የምትይዘውን ምሳ ዕቃ ሞልታ፣ የሰውየውን ድስቱ ውስጥ ትታ፣ ከሁለቱም ቀድማ ወደ ሥራዋ ትወጣለች። እራቷን ልጅቷ ራሷ ነች የምትሠራው፣ የእናት እጅ የሚደርሰው ምሳዋ ላይ ብቻ ነው። ማታ ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ይመለሳል። ክዳኑን ከፍታ ባዶውን ስታይ የሰፊዋ አንጀት ቅቤ ይጠጣል።

ዛሬ ጠዋት ግን ልጅቷ አንድ ነገር አከለችበት። «እንግዲህ ክኒኑንም ተገላገልኩት» ብላ የቫይታሚኑን ጠርሙስ ከመስታወቱ ሥር አነሳችና ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። «ሐኪሙ ውሰጂ ስላለኝ ነበር። ደሜ ከሞላ ለምኑ ነው? ከዚህ በኋላ በምግቤ ብቻ ነው የምኖረው።» ሰፊዋ ጠርሙሱ የወደቀበትን ቅርጫት አየችው። ደሙን የሞላው ቅልጥሙ ነዋ! እዚያ ሩቅ አገር ቅልጥም የለ፣ ክኒን የለ፤ ልጇ በእናቷ ውሸት ተማምና፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ልትሄድ ነው። ብትነግራት ልጅቷ ዳግመኛ ከእጇ አትጎርስም። ባትነግራት ደግሞ አንድ ቀን ከዳገት ላይ ወደቀች የሚል ስልክ ይመጣል። ልጅቷ ልብስ ልታጥፍ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ጠብቃ ጠርሙሱን ከቅርጫቱ አወጣችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰውየው ሳሎን ተቀምጦ ዜና ያዳምጣል። አላያትም ብላ ወጣች።

የምትሠራበት ቤት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ፣ ሦስት የስፌት መኪና የገባበት ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም በየልኩ ተሰቅሏል፣ ወለሉ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ማሽን ደግሞ ሲፈጥን ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ከጎኗ የምትቀመጠው ዘምዛሚ እትዬ ሬዲዮ ትባላለች፤ ስሙ የወጣላት ጠዋት ተከፍታ ማታ ስለምትዘጋ ነው። ያን ዕለት እትዬ ሬዲዮ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ ስለ አከራይዋ አዲስ በር፣ ስለ አማቷ ጉልበት ስታወራ ሰፊዋ አንዱንም አልሰማችም። ምን እንደምትሰፋም አላወቀችም። ባለሱቁ መጥቶ አንዱን ሸሚዝ አንስቶ ሲዘረጋው ግራ እጅጌው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ ተሰፍቶ ተገኘ። ባለሱቁ ሸሚዙን መልሶ አስቀመጠላትና ሄደ፤ ሃያ ዓመት አብራው ስትሠራ እንዲህ ያለ ነገር አይቶባት አያውቅም። እትዬ ሬዲዮም ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬዋን አቋርጣ «ምን ሆነሻል አንቺ?» አለቻት።

ሰፊዋ እጅጌውን እየተረተረች ሁሉንም ነገረቻት። እትዬ ሬዲዮ ሳቀች፣ ደግሞ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ በሩ አየት አደረገች።

«አፍሽን ዝጊ» አለቻት። «ልጅሽ በሰላም ትሂድ። ከአንቺ አፍ ካልወጣ ማን ያውቃል? እኔ ባሌን ስንት ነገር አብልቼዋለሁ፣ ይኸው በሬ አክሏል። ደሞ ለጥጃ የምታዝን ልጅ ለእናቷ አታዝንም እንዴ?»

«ለኔማ ታዝናለች» አለች ሰፊዋ። «የጨነቀኝ እሱ ነው። ምሳዋን በልታ ማታ ስትገባ ግንባሬን ትስመኛለች እኮ፣ በየቀኑ።»

እትዬ ሬዲዮ ፊቷን ወደ ሥራዋ መለሰች። መርፌዋ ውስጥ ክር ልታስገባ ሞክራ ሁለት ጊዜ ሳታት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድምፅዋ አልተሰማም።

በምሳ ሰዓት ሰፊዋ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ ገባች። ነጭ ጋወን የለበሰችው ባለሙያ ወጣት ናት፣ ቅጠልን ታክላለች፤ ያ ራሱ አፏን አሰረው። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ጎረቤቴ ናት ብላ ጀመረች። ጎረቤቷ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አትበላም፣ ደሟ ሲታይ ጥሩ ሆነ፣ ስለዚህ ይህን ልተወው ትላለች፣ ብትተወው ምን ይመጣል? ባለሙያዋ በደንብ አዳመጠቻትና ረጋ ብላ አስረዳቻት። ይህ ቫይታሚን ከጥራጥሬም ከአትክልትም አይገኝም። የቀረውን ሁሉ አስተካክላ ከበላች፣ ይህንንም ከወሰደች፣ ሥጋ ባትበላ ምንም አትሆንም። ክኒኑን ብታቆም ግን መጀመሪያ አይታወቃትም፤ ሰውነቷ ያጠራቀመውን እየተጠቀመ ዝም ይላል። ቆይቶ ነው እጅና እግር መደንዘዙ፣ ድካሙ፣ መርሳቱ የሚመጣው፣ ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ ሁሉም አይመለስም። «እባክዎ እንዳታቆም ይንገሯት» አለች።

ሰፊዋ ጠርሙሱን መልሳ ያዘችና ትንሽ አመነታች። «ይህቺ ጎረቤቴ ግን ሳታውቀው መረቅ ስትጠጣ ከርማ ቢሆንስ?» አለች። ባለሙያዋ ቀና ብላ አየቻት። «ሳታውቀው? ማነው ሳታውቀው የሚያጠጣት?» ሰፊዋ ለዚህ አልቆመችም፣ አመስግና ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ፊቷ በእፍረት ይነድ ነበር። ያንን ጥያቄ ጠዋት ማታ በራሷ ሆድ ስትሰማው ኖራለች፤ ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። ልጇን እንደ ሕፃን አፍንጫዋን ይዛ መድኃኒት ስትግታት የኖረች መሰላት። ሕፃን እንኳ ያለቅሳል፤ ይህቺ ግን አታውቅም።

ወደ ቤት ስትመለስ ከአትክልት ተራው ምስር፣ ሽንኩርትና ጥቂት ቲማቲም ገዛች። ቲማቲሙ እውነትም ተወዶ ነበር፤ ነጋዴዋ «ነገ ደግሞ በዓይን ብቻ ነው የምትገዙት» ብላ ቀለደችባት። ሰፊዋ ፈገግ ለማለት ሞክራ ተወችው። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ሄደች። ስለ መረቁ ሳታነሳ ክኒኑን ብቻ ውሰጂ ብትላትስ? ይህ ሐሳብ ደስ አላት። ደረጃውን እስክትወጣ ድረስ ደስ እንዳላት ቆየ።

የቅጠል ክፍል ሁለት ሰው ከገባበት የሚሞላ ነው። አልጋው ላይ ልብሱ በየዓይነቱ ተደርድሯል፣ የሥራ ጫማዋ ጋዜጣ ተነጥፎለት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ መስኮቱ ላይ ያሉትን ሁለት ችግኞች ማን ያጠጣልኛል ብላ ገና አልወሰነችም። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እምቢ ያለውን የሻንጣ ዚፕ ሳሙና ይቀባዋል። ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ጠርሙሱን ዘረጋችላት። «ከቅርጫቱ አውጥቼዋለሁ፣ ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺው» አለቻት።

«እማዬ ደግሞ» አለች ቅጠል ሳትቆጣ። «ጥሩ ነው ተባልኩ እኮ። ዛሬም አላመንሽም?»

«የፋርማሲዋ ልጅ ማቆም የለባትም ብላኛለች።»

«የፋርማሲ ሰው መድኃኒት አትግዙ ይላል እንዴ?» ልጅቷ ሳቀችና የሸሚዟን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈች። «ሥጋ ስተው ፈራሽ፣ ወተት ስተው ፈራሽ። ያንቺ ፍርሃት ማለቂያ የለውም። ደሜ ግን ይኸው።»

እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ስትፈራ የኖረች እናት ዛሬ ብትፈራ ማን ይሰማታል? ሰፊዋ የበሩን ጫፍ ያዘች። ልቧ እንዲህ ሲመታ የተሰማት ይህቺኑ ልጅ ለመውለድ ሆስፒታል የገባች ቀን ነበር። ከአሁን በኋላ የምትመልሰው ነገር እንደሌለ አውቃ ተናገረችው።

«ደምሽን የሞላው ምግብሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለች። «ምሳሽ ውስጥ የቅልጥም መረቅ ነበረበት። ከዝናቡ መግቢያ ጀምሮ፣ በየቀኑ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ቅጠል ያጠፈችውን ሸሚዝ አልጋው ላይ አኖረችው። መጀመሪያ እንዳልገባት ሰው እናቷን አየቻት፣ ከዚያ እጇ ወደ አፏ ሄደ። የሚያስመልሳት መስሏት ሰፊዋ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደች፤ ልጅቷ ግን በሌላው እጇ አቆመቻት። ሰውየው ሳሙናውን እንደያዘ ቀረ።  ልጅቷ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«እኔ እኮ በየቀኑ ሳመሰግንሽ ነበር» አለች።

ሰፊዋ ይህን ሰምታ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ልብሶቹ ላይ ተቀመጠች። ምንም ብትል ሰበብ እንደሚሆን ገባት፤ እንባዋ ይወርዳል። ያኔ ነው ሰውየው ጉሮሮውን የጠረገው።

«አልበላችውም» አለ።

ሁለቱም ዞረው አዩት።

«አንድ ማንኪያ አልቀመሰችም። የበላሁት እኔ ነኝ።» ዓይኑን ከዚፑ አላነሳም። «አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜዬን በሙሉ አጥንት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቅልጥም ሽታ በመስኮት ወጥቶ የሚያልቅ መስሎሽ ነው? የመጀመሪያዋ ቀን ነው ያወቅኩት። አንቺ ስትወጪ ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ፣ ያንን ለራሴ ገለበጥኩ፣ የኔን ምስር ለእሷ ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ይኸው ነው።»

ሰፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ሌላ መላ ታመጫለሽ። ይሄኛውን ቢያንስ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ቀና አለና ወደ ልጁ ዞረ፤ እሷን ሲያይ ድምፁ ተለወጠ። «በግ ብሎ ለመጣ ሰው ፍየል ሸጬ አላውቅም፣ ቅጠሌ። ፍየል ላለ ፍየል፣ በግ ላለ በግ። ምንም አልፈልግም ላለ ደግሞ ምንም። የማላውቀውን ሰው ያላታለልኩ ሰው የገዛ ልጄን ላታልላት?»

ሰፊዋ የምትሆነው ጠፋት። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የዋለው ነገር ተነስቶ ሄደ፤ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። ልጇ አልተነካችም። ደሙም የልጇ የራሷ ነው፤ በምስሩና በክኒኑ የተሠራ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። «እፎይ» አለች፣ ደግማ «እፎይ» አለች፣ ፊቷን በልጇ ሸሚዝ ጠረገች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ብሏት ሰውየው ላይ አፈጠጠች። «አንተስ ልብህ? ሐኪሙ ምን አለህ? ለምን አልደፋኸውም?»

ሰውየው ዓይኑን መልሶ ወደ ዚፑ አዞረ። «ልደፋው ነበር» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ከቅጠል አፍ ያመለጠው ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለጊዜው አልታወቀም። ወለሉ ላይ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ቆይ፣ እኔ ስበላ የከረምኩት ያንተን ነዋ? ለዚህ ነው ጨው ያልነበረው?» እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «እኔ እኮ እርጅና ነው ብዬ ነበር፣ እማ። እጇ ጨው ረሳ፣ ብነግራት ይከፋታል ብዬ ዝም ብዬ ዋጥኩት። መሥሪያ ቤት የቀመሰው ሁሉ እናትሽን አሟታል እንዴ ይለኛል።» ሰፊዋም ሳቀች፣ በእንባዋ መሃል። ስታስበው ግን ሳቋ ቆመ፤ ይህቺ ልጅ እሷን ላለማስከፋት ብላ ስንት ቀን ጨው አልባ ምስር ጠርጋ በልታለች።

ቅጠልም ሳቋ ቀነሰ። ከእናቷ እጅ ጠርሙሱን ወሰደችና አገላብጣ አየችው። «በምግቤ ብቻ አልነበረም ለካ፣ ክኒኑም አለበት» አለች እንደ መተከዝ ብላ፣ ከዚያም በሥራ ጫማዋ ውስጥ እንዳይሰበር ወሽቃ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችው። «ግን እማ፣ አባዬ ባይኖርስ ኖሮ?»

ሰፊዋ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «ይቅርታ የኔ ልጅ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

«ፍሪ። እናቴ ነሽ፣ ብትፈሪ አልፈርድብሽም» አለች ቅጠል። «ግን ስትፈሪ ንገሪኝ እንጂ አታብስዪብኝ።»

ሰፊዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሰውየው ዚፑን ሳበው፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደገና ቆመ፣ ደግሞ ሳሙናውን አነሳ። ነገ ከልጅቷ ሽኝት በቀጥታ ወደ ልብ ሐኪም እንደሚሄድ ሚስቱ ስትነግረው አንድም ቃል አልተከራከረም። ልጅቷ ተነስታ የቀረውን ልብስ ማጠፍ ቀጠለች። በመጨረሻ ልጅቷ «ራበኝ» አለች።

ሰፊዋ ተነሳች። ምስሩና ሽንኩርቱ ገና ከነከረጢታቸው ናቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና ሳትዞር ጠየቀች፣ «ኩሽና ገብተሽ እያየሽኝ ልሥራው?»

«አይ» አለች ቅጠል። «እኔ ልብሴን ልጨርስ። ጨው ብቻ ይኑረው።»

«ለኔስ?» አለ ሰውየው።

«ላንተ ያለ ጨው» አሉት ሁለቱም።

ሰፊዋ ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ቲማቲሙን ጨመረች፣ ምስሩን አበሰለች፣ በጎን ሩዝ ቀቀለች። የሰውየውን ቀንሳ ካወጣች በኋላ ጨዉን ጨመረች፣ ቀመሰች፣ ደግማ ጨመረች። ሩዙን ሳህን ላይ ዘርግታ ምስሩን ከላይ አድርጋ ይዛ ገባች። ቅጠል ሳህኑን ተቀበለች። አላሸተተችም፣ ውስጡን በማንኪያ አልገለጠችም፣ ወደ እናቷ ፊትም አላየችም። ከአባቷ ጋር ስለ አውቶቡሱ መነሻ ሰዓት እየተከራከረች በላች። ሰፊዋ ቆማ ታያታለች፤ የመጀመሪያው ማንኪያ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ልጅቷ ወሬዋን ሳታቋርጥ ክንዷን ዘረጋች።

«እማ፣ ድገሚኝ» አለች።